ከቴሌስኮፕ በፊት ባይኖኩላር፣ ከባይኖኩላር በፊት ዓይን



ሸዕባን 29 ሲደርስ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጨረቃ ታየች ወይ?» የረመዳን 29ኛው ምሽት ሲመጣም ይኸው ጥያቄ ይመለሳል። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ሰማዩን ነበር። ዛሬ የምንጠይቀው ስልካችንን ነው። መግሪብ ተሰግዶ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የስልኩን መስታወት ያያል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ምዕራብን የሚመለከት ግን ጥቂት ነው።

ይህን የተረዱ ወገኖቻችን መፍትሔ ይሆናል ያሉትን እያደረጉ ነው። በዓረብ አገር፣ በአዲስ አበባና በሌላም ቦታ የሚኖሩ ልጆቻችን ለመስጂዳቸው ወይም ለወንድሞቻቸው «ጨረቃ ማያ» ልከው ማስደሰት ይፈልጋሉ። በመካነ ሰላምና በአካባቢው ወረዳዎች የምንገኝ ኢማሞችም «የትኛውን እንግዛ? ቴሌስኮፕ ነው ባይኖኩላር? ስንት ጊዜ የሚያጎላው ይሻላል?» እየተባልን እንጠየቃለን። ኒያው ያማረ ነው፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዕቃ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ቀጭን ቴሌስኮፕ ነው። አንድ ምሽት ይሞከራል፣ ምንም አይታይበትም፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። ገንዘቡ ይባክናል። ከገንዘቡ የሚብሰው ደግሞ ልጆቹ «ሰማይ ማየት ለእኛ አይሆንም» ብለው መተዋቸው ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓምድ አቋማችንን በግልጽ እንናገራለን፤ ለጀማሪ ቴሌስኮፕ አይገዛም። በየቤቱ ሳይሆን ለአንድ ጀመዓ አንድ ጥሩ ባይኖኩላር በጋራ ይገዛ። እርሱም ከመገዛቱ በፊት ዓይናችን ምዕራብን ይልመድ።

ሸሪዓው ያልጫነብንን አንጫን

መነሻችን ዲኑ ነው። ሱረቱል በቀራ ላይ ስለ ጨረቃ ልደቶች ለተነሳው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ለሰዎችና ለሐጅ የጊዜ ምልክት መሆናቸውን ያስረዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሂላልን አይተን እንድንጾም፣ አይተንም እንድናፈጥር፣ ደመና ከጋረደንም ወሩን 30 አድርገን እንድንሞላ አዝዘውናል። እዚህ ትእዛዝ ውስጥ መስታወትም፣ ሌንስም፣ ገንዘብም የለም። እረኛውም ከንጉሡ እኩል ሊያየው በሚችል ነገር ላይ ዒባዳችን መመሥረቱ የአላህ እዝነት ነው። አንድ የገጠር ዓረብ መጥቶ ሂላልን ማየቱን ቢመሰክር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊምነቱን ጠይቀው ምስክርነቱን እንደተቀበሉት በሐዲስ ተዘግቧል። የተጠየቀው ስለ እምነቱና ስለ እውነተኛነቱ እንጂ ስለያዘው መሣሪያ አልነበረም።

ይህ ማለት መሣሪያ ክልክል ነው ማለት አይደለም። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማዎች ዓይንን የሚያግዝ መሣሪያ ይፈቀዳል፣ ግዴታ ግን አይደለም ይላሉ። እኛም በዚሁ ላይ ነን። ደግሞስ የእይታን ዒልም ለዓለም ካስተማሩት መካከል የእኛው ዑለማዎች አይደሉም? በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ብርሃን ወደ ዓይን እንዴት እንደሚገባ «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው ሥራው ሲያብራራ፣ አውሮፓ ውስጥ ቴሌስኮፕ እስኪታይ ገና 600 ዓመት ያህል ይቀር ነበር። በደማስቆ የኡመውያ መስጂድ የሶላት ጊዜ ጠባቂ የነበረው ኢብኑ ሻጢርም የጨረቃን እንቅስቃሴ ያጠናው በመስጂድ አገልግሎት ላይ ሆኖ ነው። እነዚህ ሰዎች ሰማዩን ያወቁት ሌንስ ሳይኖራቸው፣ በዓይንና በትዕግሥት ነው።

ቴሌስኮፕ ለሂላል ለምን አይመችም?

ሂላልን የሚፈልግ ሰው ችግሩ የጨረቃ ማነስ አይደለም። ችግሩ ሁለት ነው፤ ቀጭኗ ጨረቃ ገና ባልጨለመ ሰማይ ላይ መደብዘዟ፣ እና የት ቦታ እንዳለች በትክክል አለማወቃችን። ቴሌስኮፕ 50 ጊዜ ሲያጎላ የሚያሳየን የሰማይ ክፍል በአብዛኛው 1 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚይዙት ስፋት ነው። 10 ጊዜ የሚያጎላ ባይኖኩላር ግን ከ6 ዲግሪ በላይ፣ ማለትም ከ12 ጨረቃ የማያንስ ስፋት በአንድ ጊዜ ያሳያል። ሂላል የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ በቴሌስኮፕ መፈለግ በቁልፍ ቀዳዳ እያዩ የሜዳውን በግ ሁሉ ለመቁጠር እንደመሞከር ነው።

ሁለተኛው ነገር ብዙዎቹ ቴሌስኮፖች ምስሉን መገልበጣቸው ወይም ቀኝና ግራውን ማዛወራቸው ነው። ልጁ ወደ ቀኝ ሲያዞር ጨረቃዋ ወደ ግራ ትሸሻለች። ሦስተኛው ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው። «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ አትደሰቱ። የአንድ ቴሌስኮፕ ጠቃሚ ማጉላት በጥሩ ሰማይ እንኳ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተቆጥሮ እጥፍ ገደማ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ከ120 ጊዜ በላይ ቢያጎላ የሚያሳየው የተስፋፋ ጭጋግ ነው። በዚያ ላይ ርካሽ መቆሚያው በደጋው ነፋስ ሲወዛወዝ ጨረቃዋም አብራ ትወዛወዛለች።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጥብናል። ሂላል የጋራ ጉዳይ ናት። ባይኖኩላር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አያትየው አይተው ለልጅ ልጃቸው ይሰጣሉ፤ ያየው ሰው መነጽሩን አውርዶ ቦታውን በጣቱ ያመለክታል፤ ሌላውም በተራ ዓይኑ ይፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ምስክሩ አንድ ብቻ አይሆንም።

ባይኖኩላር እንዴት ይመረጣል?

ባይኖኩላር ላይ የሚጻፉትን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ የቻለ ሰው ግማሹን ዕውቀት ይዟል። «10×50» ቢል፣ 10 ጊዜ ያጎላል፤ የፊት ሌንሱም ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስናካፍል ወደ ዓይናችን የሚገባውን የብርሃን ክብ እናገኛለን፤ 50 ለ10 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊከፈት ይችላል። ዕድሜያችን ከ50 ያለፈ ሰዎች ብሌን ግን ወደ 5 ይቀንሳል። ስለዚህ ሽማግሌውም ወጣቱም ለሚጠቀሙበት መስጂድ 10×50 ሚዛናዊ ነው። ክብደቱ 1 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ለሕፃናት ይከብዳል፤ ለቤተሰብና ለልጆች ቀለል ያለው 8×42 ይሻላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ 7×50 ቢይዝ ምስሉ ይረጋለታል።

ከእነዚህ ውጭ ካሉት ተጠንቀቁ። የኪስ የሚባሉት 8×21 እና 10×25 የሚሰበስቡት ብርሃን ትንሽ ነው። 20×50 የሚለው በቁጥሩ ቢያጓጓም ያለ መቆሚያ በእጅ አይያዝም፤ የብርሃን ክቡም 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ማጉላቱ ከ10 እስከ 30 የሚቀያየር የሚባለው ዓይነት በዝቅተኛ ዋጋ ሲሸጥ እይታው ጠባብና ደብዛዛ ይሆናል። የፊት ሌንሱ እንደ ፍም ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀውን ደግሞ ተዉት፤ ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ ስለሚመልስ የጀንበር መግቢያውን ሰማይ ቀለም ያበላሻል። ጥሩ ሌንስ ላይ ያለው ቅብ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ሆኖ በስሱ ነው የሚታየው።

ደሴም ሆነ አዲስ አበባ መርካቶ ስትገዙ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ፈትኑ። ከሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ወይም ምልክት ተመልከቱ። በሁለት ዓይን ስታዩ አንድ ክብ፣ አንድ ምስል መሆን አለበት፤ ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ዓይናችሁን ከሳበው ውስጡ ያለው ፕሪዝም ተዛብቷልና መልሱት። ቀጥሎ ባይኖኩላሩን ከፊታችሁ አርቃችሁ በመመልከቻው በኩል ወደ ብሩህ ግድግዳ አቅኑት፤ የሚታየው የብርሃን ነጥብ ሙሉ ክብ ከሆነ መልካም፣ ጠርዙ የተቆረጠና አራት ማዕዘን የሚመስል ከሆነ ፕሪዝሙ ዝቅተኛ ነው። ነቅነቅ ስታደርጉት ውስጡ የሚንኳኳ ነገር አይኑር። መነጽር የሚያደርግ ሰው ደግሞ መነጽሩን ሳያወልቅ ሙሉውን ክብ ማየት መቻሉን ያረጋግጥ። መቆሚያ ላይ ለማሰር ከፊት በመካከሉ የብሎን ቀዳዳ ቢኖረው ይመረጣል።

ትሪፖድ ባይኖር አትጨነቁ። በገጠራችን ባላ የማያውቅ የለም። ሹካውን በቁመታችሁ ልክ የቆረጣችሁት ባላ መሬት ላይ ተተክሎ ባይኖኩላሩ ከላዩ ሲያርፍ፣ በብዙ ገንዘብ ከተገዛ ደካማ መቆሚያ የተሻለ ይረጋል።

አጠቃቀሙም ትምህርት ይፈልጋል። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመካከለኛው መዘውር የግራውን ምስል አጥሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ መመልከቻ ላይ ባለው ቀለበት የቀኙን አስተካክሉ። ይህን በቀን ሩቅ ተራራ ላይ፣ ወይም በማታ በደማቅ ኮከብ ላይ ቀድማችሁ ጨርሱ። ሂላል በምትፈለግበት ሰዓት ምስሉ ያልጠራ ባይኖኩላር ካለመያዝ አይሻልም። ሌንሱን በጋቢ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉት፤ አቧራው ይፍቀዋል። በስሱ እፍ በሉት፣ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ተጠቀሙ። ከውርጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ እርጥበት ይይዛልና ሳይደርቅ በማኅደሩ ውስጥ አትዝጉበት፤ ሻጋታ ያበቅላል።

የእኛ አገር ሰማይ

አላህ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሰጠውን ጸጋ ልብ ያልነው አይመስለንም። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በቆላ ያለው አቧራና ጭጋግ አብዛኛው ከእግራችን በታች ይቀራል። በምዕራብ በኩል ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከማዶ የጎጃም ደጋ ይታያል፤ በዚያው አቅጣጫ የጮቄ ተራራ አለ። እይታው ክፍት የሆነ አፋፍ ለመረጠ ሰው ለሂላል የተዘጋጀ ሰገነት ነው። አቅጣጫ ለማወቅም ኮምፓስ አያስፈልገንም። መካ ከእኛ በስተ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ናት፤ ስለዚህ ወደ ቂብላ የቆመ ሰው ምዕራብ በግራ እጁ በኩል ነው።

ምድር ወገቡ ቅርብ ስለሆነም በዚህ ወቅት ጨረቃ ከፀሐይ መግቢያ በላይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ፀሐይና ጨረቃ በአንድ አቅጣጫ ከሚገናኙበት ሰዓት፣ ዑለማዎቻችን ኢጅቲማዕ ከሚሉት ጀምሮ፣ ጨረቃ በየሰዓቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ከፀሐይ ትርቃለች። ከ20 ሰዓት በኋላ ርቀቷ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እጃችሁን ዘርግታችሁ የጨበጣችሁት ጡጫ ስፋት 10 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ፀሐይ የገባችበትን ቦታ በዛፍ ወይም በተራራ ጫፍ ለዩት፤ ከዚያ በላይ አንድ ጡጫ ለኩ፤ ጥቂት ወደ ቀኝም ወደ ግራም ፈልጉ። አንድ ዲግሪ ለመጥለቅ 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃልና እንዲህ ያለች ጨረቃ ከፀሐይ በኋላ 40 ደቂቃ ገደማ ትቆያለች።

የተሻለው ሰዓት ፀሐይ እንደገባች ወዲያው አይደለም፤ ሰማዩ ገና ብሩህ ነው። ከፀሐይ መግቢያ እስከ ጨረቃ መግቢያ ያለውን ጊዜ ለ9 ብትከፍሉት 4ኛው ክፍል ሲያልቅ ያለው ጊዜ የተመረጠ ነው። ለ40 ደቂቃ ሲሰላ 18 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሱብሐነላህ! መግሪብን በወቅቱ በጀመዓ ሰግዶ ለመውጣት በቂ ጊዜ ነው። ሂላል ፍለጋ ሶላትን አያስተጓጉልም።

ወሰኑንም እንወቅ። ጥንቃቄ የተደረገባቸው መዝገቦች እንደሚያሳዩት በተራ ዓይን የታየችው በጣም ለጋ ጨረቃ ከኢጅቲማዕ በኋላ 15 ሰዓት ተኩል ገደማ የሆናት ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 ኢራን ውስጥ በጣም ትልቅ በሆነ ባይኖኩላር 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሆናት ታይታለች። ይህ ግን የብርቅ ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ20 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እነርሱም ቢሆኑ አድማስ ሥር የገባችውን ጨረቃ አያሳዩም። መሣሪያ ያለውን ያቀርባል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም።

የልጆቻችን ዓይን አማና ነው

አሁን የምንለውን እናቶችና አባቶች ደግማችሁ አንብቡት። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትገባ ባይኖኩላርም ሆነ ቴሌስኮፕ ወደ ምዕራብ አይነሳም። ሌንሱ ደረቅ ሳር እንደሚያቃጥል ሁሉ የዓይንን ውስጥ ያቃጥላል። የዓይን ውስጠኛው ክፍል ሕመም አይሰማውም፤ ልጁ ሳይጮህ፣ ሳያውቀው ብርሃኑን ያጣል፤ ሐኪምም አይመልስለትም። የፀሐይዋ የመጨረሻ ጠርዝ ስትጠልቅ ማየት ያለበት በተራ ዓይኑ የሚቆጣጠር አንድ ትልቅ ሰው ነው። እርሱ «ገብታለች» እስኪል ድረስ መሣሪያው በማኅደሩ ይቆይ። ቀን ቀንም ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ይህን የምንለው ለሂላል ብቻ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2፣ 2027) የፀሐይ ግርዶሽ አለ። መካ ላይ ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን አገራችን ላይ በከፊል ይታያል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ ሲታይ ልጆች ምን ያህል እንደጓጉ እናስታውሳለን። የሐምሌው ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለው ባይኖኩላር ወደ ፀሐይ እንዳይቀና ከአሁኑ ይነገራቸው። ግርዶሽ ሲሆን የታዘዝነው ሶላትና ዱዓ ነው።

ያየ ሰው ምን ያድርግ?

መሣሪያ በእጃችን ሲገባ አብሮት የሚመጣ ፈተና አለ፤ እርሱም ፊትና ነው። አንድ ወጣት በባይኖኩላር የሆነ ነገር አይቶ «ታየች!» ብሎ ስልኩ ላይ ቢለቅ፣ በአንድ ቤት ውስጥ አባት ጾሞ ልጅ ሊያፈጥር ይችላል። ስለዚህ ያየ ሰው መጀመሪያ ራሱን ይመርምር። የአውሮፕላን የጭስ መስመር፣ የደመና ጠርዝና የዝሁራ ኮከብ ብዙ ሰው አሳስተዋል። የሂላል ጎባጣው ጀርባ ሁልጊዜ ፀሐይ ወደገባችበት ነው፤ በእኛ አገር በዚህ ወቅት ቀንዶቿ ወደ ላይ ሆነው እንደ ታንኳ ትተኛለች። ቀንዶቿ ወደ ታች ነበሩ የሚል ምስክር ያየው ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ መነጽሩን ለሌላው ይስጥ፤ ሌላውም ይይ። ከዚያ ለኢማሙ፣ ኢማሙም ለወረዳው መጅሊስ ያሳውቅ። ማወጅ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሥራ ነው። ታቢዒው ኩረይብ ከሻም ተመልሶ ጨረቃን እዚያ በጁሙዓ ሌሊት ማየታቸውን ሲናገር፣ ኢብኑ ዐባስ ግን መዲና ላይ በቅዳሜ ሌሊት ስላዩ በራሳቸው እይታ መቀጠላቸው በሐዲስ ኪታቦች ይገኛል። ዑለማዎች በዚህ ላይ ተመሥርተው የተለያየ ፍርድ ሰጥተዋል። ልዩነቱ የዒልም ነው፤ ባይኖኩላር ገዝቶ የሚፈታው ሰው የለም። የእኛ ድርሻ ማየት፣ እውነቱን መናገርና ከጀመዓው ጋር መሆን ነው።

አንድ ዓለማዊ ጥንቃቄም እንጨምር። አገራችን ባለችበት የጸጥታ ሁኔታ ባይኖኩላር አንግቶ ገደል አፋፍ ላይ መቆም ሊያስጠረጥር ይችላል። የመስጂዱ ኮሚቴ ቦታውንና ሰዓቱን ለቀበሌው አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ልጆችም ብቻቸውን ይዘውት አይውጡ። ከውጭ የምትልኩ ወገኖችም ዕቃው ጉምሩክ ላይ እንዳይያዝ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ሳትገዙ በፊት ጠይቁ።

«ገንዘቡ ለሰደቃ አይሻልም?»

ይህን የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። ጎረቤቱ ለኢፍጣር የሚቀምሰው ያጣ ሰው ስለ ሌንስ ማሰብ የለበትም። ዘካና ዘካተል ፊጥር ይቅደም፤ የተራበ ይብላ። «በየቤቱ ሳይሆን በየጀመዓው አንድ» ያልነውም ለዚህ ነው። ሃምሳ አባወራ ቢያዋጣ ለአንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ዕቃው በደንብ ከተያዘ ግን አሥርና ሃያ ዓመት ያገለግላል። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመለስ በሚመጡት ጥቂት ዓመታት ከበልግ ደመና ወጥቶ ወደ ጥርና ታኅሣሥ ጥሩ ሰማይ ይገባል። ዛሬ የተገዛው ነገ ይበልጥ ይጠቅማል።

ደግሞም ጥቅሙ የሁለት ምሽት አይደለም። በረመዳን 7ኛውና 8ኛው ሌሊት ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ባላ ላይ ያረፈ 10×50 በጨረቃ መካከል ያሉትን ክብ ጉድጓዶች ያሳያል። ከእነርሱ አንዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን በታላቁ ሙስሊም የፈለክ ሊቅ በአል-በታኒ ስም የተሰየመ ነው። ከተራዊህ በኋላ ወደ ምዕራብ ዘንበል ያለችውን ሱረያን ተመልከቱ፤ በዓይን ስድስት ሰባት ኮከብ የነበረችው በባይኖኩላር በደርዘን ትቆጠራለች። አጠገቧ የሚከተላት ቀይ ኮከብ በዓለም ሁሉ የሚጠራው አድ-ደበራን በሚለው በዓረብኛ ስሙ ነው፤ «ተከታዩ» ማለት ነው። በትልቁ አል-ጀባር እግር ላይ ያለውም ሪጅል፣ «እግር» ይባላል። ዓረብኛ የሚማር ደረሳ የቃላት ትምህርቱን ሰማይ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል። ሙሽተሪ የተባለውን ፕላኔት ስታገኙም በጎኑ የተሰለፉትን አራት ጨረቃዎች ፈልጉ። ቀን ደግሞ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ያሉትን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሳያስደነግጡ ከሩቅ ለማየት ይጠቅማል።

ጀመዓው ይህን ሁሉ ለአንድ ዓመት ከለመደ በኋላ ልጆቹ «የዙሐልን ቀለበት ማየት እንፈልጋለን» ካሉ፣ ያን ጊዜ ቴሌስኮፕ ይታሰብ። እርሱም ከ114 እስከ 150 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው፣ ዶብሶኒያን በሚባል ከባድና ቀላል የእንጨት መቀመጫ ላይ የሚዞር ይሁን። ማጉላቱን ለማወቅ የቱቦውን የትኩረት ርዝመት ለመመልከቻው ቁጥር አካፍሉ፤ 650 ለ25 ሲካፈል 26 ጊዜ፣ ለ10 ሲካፈል 65 ጊዜ ነው። ለዙሐል ቀለበት ይህ ይበቃል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ካምፓስ የፊዚክስ መምህራንና ተማሪዎችም ከመስጂዶቻችን ጋር ቢተባበሩ ዱንያዊውና ዲናዊው ዒልም አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።

በመጨረሻ የምንለው ይህ ነው። በዚህ ረመዳን 29ኛው ቀን፣ ገና ምንም ሳትገዙ፣ መግሪብን ሰግዳችሁ ልጆቻችሁን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ይዛችሁ ምዕራብ ወደሚታይበት ቦታ ውጡ። ስልኩን ለጊዜው ኪስ ውስጥ ተዉት። ፀሐይ የገባችበትን ለዩ፣ በጡጫችሁ ለኩ፣ ፈልጉ። ብታዩ ዱዓ አድርጉ፤ ባታዩም የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፈለግ ተከትላችሁ ወጥታችኋልና አልከሰራችሁም። ከዚያ የመጅሊሱን ማስታወቂያ ጠብቁ። ይህን የለመደ ጀመዓ ባይኖኩላር ሲገዛ ምን እንደሚፈልግበት ያውቃል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የሂላልን ወር በአማን፣ በኢማን፣ በሰላምና በእስልምና ያውጣብን፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።